የአድሬናልን ጥያቄ ሳይሸመድዱ መስራት፦ ካልሲየም ሲወጣ፣ ፖታሲየም ሲጨመር፣ ሳያናይድ ሲገባ

ፈተና ሲቃረብ ከጥቁር አንበሳ እስከ አራት ኪሎ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት የአድሬናል ዕጢ ሆርሞን መቼ እንደሚጨምርና መቼ እንደሚቀንስ የሚዘረዝር አንድ ዓይነት ወረቀት ሲያባዛ ይውላል። "ካልሲየም ሲወጣ ይቀንሳል። ፖታሲየም ሲጨመር ይጨምራል። ማግኒዚየም ሲበዛ ይቀንሳል። ሳያናይድ ሲገባ ይቀንሳል።" እንዲህ እያለ ይወርዳል። ተማሪውም የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ይሸመድደዋል። ከዚያ ፈታኙ ሁለቱን ደርቦ ይጠይቃል። ፖታሲየም ጨምረን ካልሲየም ብናወጣስ? ሳያናይድ ሰጥተን ግሉኮሱን ብንተወውስ? ወረቀቱ ላይ የለም። በቃ፣ ገደል።

እኔ የምላችሁ ወረቀቱን ጣሉት ነው። ከላይ ካሉት አራት መስመሮች አንዱ ደግሞ እንዳለ ከተወሰደ ስህተት ነው፣ ስንደርስበት ታዩታላችሁ። ጥቂት ጥያቄዎችን በትክክለኛው ቅደም ተከተል መጠየቅ ከለመዳችሁ፣ አይታችሁት የማታውቁትን ሙከራ ውጤት ቁጭ ብላችሁ መገመት ትችላላችሁ። ለህክምና፣ ለፋርማሲ፣ ለባዮሎጂ ተማሪ እኩል ይሰራል። የአልዶስትሮን የደም ምርመራ ውጤት በእጁ ይዞ ግራ ለገባው ሰውም መጨረሻው ላይ የሚሆን ነገር አለ።

መጀመሪያ የትኛው ክፍል እንደሆነ ለዩ

ከኩላሊት አናት ላይ የተቀመጠችው አድሬናል አንድ ዕጢ ትመስላለች እንጂ ሁለት ናት። ውጪው ኮርቴክስ ነው፣ ውስጡ ሜዱላ። ሜዱላ ዘሩ ከነርቭ ወገን ነው፤ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ያወጣል። ኮርቴክስ ኮርቲሶልና አልዶስትሮንን የመሳሰሉ ስቴሮይዶችን ይሰራል። ብዙ ሰው ጥያቄውን የሚስተው እዚህ ላይ ነው። "አድሬናል" የሚለውን ቃል ያይና ሳያነብ ይሮጣል።

ሜዱላ ሆርሞኑን ሰርቶ፣ በጥቃቅን ከረጢቶች አሽጎ፣ አስቀምጦ ይጠብቃል። ኮርቴክስ ግን ይህ ነው የሚባል ክምችት የለውም። ስቴሮይድ ቅባት ወዳድ ስለሆነ በሴሉ ሽፋን ሾልኮ ይሄዳል፣ ከረጢት ውስጥ ቁጭ አይልም፤ ስለዚህ ትዕዛዝ በመጣ ቁጥር ከኮሌስትሮል ጀምሮ መስራት ግዴታው ነው። ሜዱላ እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ እንደሚወጣ ድልህ ነው፣ ኮርቴክስ እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ እንደሚቆላ ቡና።

ሜዱላ ላይ እንግዲህ የምትጠይቁት "ከረጢቱ ተከፈተ ወይ?" ብላችሁ ነው። ኮርቴክስ ላይ ደግሞ "ተሰራ ወይ?" ብላችሁ። ያው አንድ መርዝ ሁለቱን በተለያየ ቦታ የሚመታው ለዚህ ነው።

ሜዱላ ላይ የሚጠየቁ ሶስት ነገሮች

መደበኛውን መንገድ አንድ ጊዜ እንሂድበት። ስፕላንክኒክ ነርቭ አሴቲልኮሊን ይለቃል። አሴቲልኮሊን የሜዱላው ሆርሞን አመንጪ የሆነውን የክሮማፊን ሴል ኒኮቲኒክ ተቀባይ ይከፍታል። ሶዲየም ይገባል፣ የሴሉ ውስጥ ኔጌቲቭነት ይቀንሳል፣ ማለትም ዲፖላራይዝ ይሆናል። በቮልቴጅ የሚሰሩት የካልሲየም ቻናሎች ይከፈታሉ። ካልሲየም ይገባል። ከረጢቱ ከሴሉ ሽፋን ጋር ተዋህዶ ይዘቱን ውጪ ያፈሳል።

ማንኛውም ሙከራ ሲሰጣችሁ በዚህ ተራ ጠይቁ። ምልክቱ ደረሰ? ካልሲየም ገባ? ሴሉ ኤቲፒ፣ ማለትም ጉልበት፣ አለው? ሶስቱም አዎ ከሆኑ ሆርሞኑ ይወጣል። አንዱ ከጎደለ ይቆማል ወይም ይደክማል። መልሳችሁን ስትጽፉም የቱ ላይ እንደቆመ ጻፉ እንጂ "ይቀንሳል" ብላችሁ አትለፉ። ነጥቡ ያለው እዚያ ነው።

ካልሲየም ላይ ጊዜ አጥፉ

እ.ኤ.አ. በ1961 ዳግላስና ሩቢን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የድመት አድሬናል ወስደው በደም ስሩ በኩል ሎክ የሚባለውን የጨው ሶሉሽን እያሳለፉ የሚወጣውን ሆርሞን ለኩ። አሴቲልኮሊን ሲሰጡት ዕጢው ያመነጫል። ካልሲየሙን ከሶሉሽኑ ሲያወጡት ያው አሴቲልኮሊን ምንም አያደርግም። ካልሲየሙን ሲጨምሩት ምላሹም ይጨምራል። እስከዚህ ድረስ ማንም ሊገምተው ይችላል። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ዕጢው ለተወሰነ ጊዜ ያለ ካልሲየም ቆይቶ ካልሲየም ብቻውን ሲመለስለት፣ አሴቲልኮሊን ሳይኖር ሆርሞን ለቀቀ። ማለት የአሴቲልኮሊን ስራ በመሰረቱ ካልሲየምን ማስገባት ነው። ካልሲየም በሌላ መንገድ ከገባ አሴቲልኮሊን ባይኖርም ይሆናል።

ቁጥሩን አንዴ ያዙት። እረፍት ላይ ባለ ሴል ውስጥ ያለው ነጻ ካልሲየም ወደ 0.1 ማይክሮሞላር ነው። ውጪ ያለው ከ1 እስከ 2 ሚሊሞላር። ከ10,000 እጥፍ በላይ ልዩነት ማለት ነው፤ ስለዚህ ቻናሉ ትንሽ ከተከፈተ ካልሲየሙ ራሱ ተንደርድሮ ይገባል።

ወረቀት ላይ "ካልሲየም የሌለው ሶሉሽን" የሚል ስታዩ ሁለተኛ ነገር ፈልጉ፤ ኢጂቲኤ የሚባለው ካልሲየም ያዥ ኬሚካል ተጨምሮበታል? ካልሲየም ክሎራይዱን አለመጨመር ብቻ ካልሲየምን ዜሮ አያደርገውም። ከውሃው፣ ከብርጭቆው፣ ከሌሎቹ ጨዎች የሚመጣ ጥቂት ማይክሮሞላር ሁሌም ይቀራል። ኢጂቲኤ እሱን ይይዛል፣ ማግኒዚየምን ግን ብዙም አይነካም። ኢዲቲኤ ከሆነ ሁለቱንም ይወስዳል፤ ያኔ የታየው ለውጥ የየትኛው እንደሆነ መናገር አይቻልም።

ራሳችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ ደግሞ የጠርሙሱን ጽሁፍ አንብቡ። ለ1 ሊትር 2.2 ሚሊሞላር ካልሲየም ለማግኘት ውሃ የሌለው ካልሲየም ክሎራይድ 0.244 ግራም ይበቃል። ዳይሃይድሬት የሚለው ከሆነ ግን 0.323 ግራም ያስፈልጋል፣ ክብደቱ ውስጥ ውሃ አለበትና። ከዳይሃይድሬቱ 0.244 መዝናችሁ ከጨመራችሁ የምታገኙት ወደ 1.66 ሚሊሞላር ነው። ዕጢው ደካማ ሆኖ ይታያችኋል፣ ዕጢው ግን ምንም አልሆነም። ሚዛን ላይ የምትቆሙ ሰዎች፣ ይቺን ግድግዳ ላይ ለጥፏት።

ፖታሲየም፦ በሂሳብ አረጋግጡ

ፖታሲየም ተቀባይ አይፈልግም። ውጪ ሲበዛ የሴሉን ቮልቴጅ በቀጥታ ይቀይራል። ከውስጥና ከውጪ ያለውን የአዮን መጠን ወደ ቮልቴጅ በሚቀይረው በኔርንስት ቀመር እንስራው። ሴሉ ውስጥ 140፣ ውጪ 5.6 ሚሊሞላር ከሆነ ሬሾው 25 ነው። የ25 ሎግ 1.398። በኔጌቲቭ 61.5 ስታባዙት ወደ ኔጌቲቭ 86 ሚሊቮልት ይመጣል። አሁን ውጪውን 56 አድርጉት። ሬሾው 2.5፣ ሎጉ 0.398፣ ውጤቱ ኔጌቲቭ 24.5 ሚሊቮልት አካባቢ። እውነተኛው ሴል ሌሎች አዮኖችንም ስለሚያሳልፍ በትክክል እዚህ ቁጥር ላይ አያርፍም፣ አቅጣጫው ግን ይሄው ነው፤ የካልሲየም ቻናሎች የሚከፈቱበት ክልል ውስጥ ገብቷል።

አሁን የፈታኙን ጥያቄ አምጡ። ፖታሲየም 56፣ ካልሲየም የለም። ምልክቱ ደረሰ? አዎ፣ ሴሉ ዲፖላራይዝ ሆኗል። ካልሲየም ገባ? የሚገባ የለም። አለቀ፣ አያመነጭም። ሽምደዳ አላስፈለገንም።

ሶሉሽኑን ስታዘጋጁ የጨመራችሁትን ያህል ፖታሲየም ከሶዲየሙ ቀንሱ። ፖታሲየም ክሎራይድ 56 ሚሊሞላር ማለት በሊትር 4.17 ግራም ነው። 5.6ቱ ድሮም ስለነበረ የተጨመረው 50.4 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሶዲየም ክሎራይዱ ከ154 ወደ 103.6 ይወርዳል፣ ማለትም 6.05 ግራም። እንዲሁ ከላዩ ላይ ካፈሰሳችሁበት ሶሉሽኑ ይወፍርና ሴሉ ውሃ ያጣል፣ ያኔ የምታዩት የፖታሲየም ይሁን የመድረቅ አይለይም።

የቀሩትን አዮኖች በፍጥነት

ሶዲየምን ብታወጡስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መደበኛው መንገድ ላይ ሶዲየም ነበረ፣ ስለዚህ ያለሱ ይቆማል ይላል። ነገር ግን ካልሲየም እስካለ ድረስ አሴቲልኮሊን ያለ ሶዲየምም ሆርሞን ያስወጣል። የኒኮቲኒክ ተቀባዩ ራሱ ካልሲየምን ያሳልፋል። ነርቩን በኤሌክትሪክ ከቀሰቀሳችሁት ግን ሌላ ነው፤ ነርቭ ያለ ሶዲየም ምልክት አያስተላልፍም። ጥያቄው ነርቩ ነው የተቀሰቀሰው ወይስ አሴቲልኮሊን ነው የተጨመረው? አንብቡ።

ማግኒዚየም የካልሲየም ተቃራኒ ነው። ሲበዛ የካልሲየምን መግቢያ ይሻማል፣ ምላሹም ይወርዳል። ካልሲየም ብትጨምሩ መልሶ ይነሳል። ይሄ በወረቀት የቀረ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ፊዮክሮሞሳይቶማ ለሚባለው የሜዱላ ዕብጠት (ቱመር) ኦፕራሲዮን ሲደረግ ማግኒዚየም ሰልፌት የሚሰጥበት አንዱ ምክንያት አድሬናሊኑ እንዳይፈነዳ ነው። የወሊድ ክፍል የሰራ ሰው መድሃኒቱን በሌላ ስራው ያውቀዋል።

ባሪየም አስቸጋሪው ልጅ ነው። ካልሲየም በሌለበት ብቻውን ሆርሞን ያስወጣል። ዳግላስና ሩቢን ይህንን በ1964 አሳይተዋል። የፖታሲየም ቻናሎችን ይዘጋል፣ ዲፖላራይዝ ያደርጋል፣ በካልሲየሙ ቻናል ይገባል፣ ውስጥም ገብቶ በካልሲየም ፈንታ ይሰራል። ባሪየም የምትጠቀሙ ከሆነ ሶሉሽኑ ውስጥ ሰልፌት እንዳይኖር። ማግኒዚየም ሰልፌት ካለበት ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ታች ይወርዳል፣ እናንተም ባሪየም ሰጠሁ ብላችሁ ምንም ሳትሰጡ ትውላላችሁ። ቢካርቦኔትና ፎስፌትም አይመቹትም። ሄፔስ በሚባለው ባፈር ስሩ።

አንድ የሀገራችን ነገር ልጨምር። መረንዝ የሚባለውን ዛፍ የምታውቁት ካላችሁ፣ የእሱ ወገን የሆኑ ዛፎች ለምስራቅ አፍሪካ አዳኞች የፍላጻ መርዝ ሲሰጡ ኖረዋል። መርዙ ዋቤይን ነው። የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕን ይዘጋል። ፓምፑ ሲቆም ሴሉ ውስጥ ሶዲየም ይጠራቀማል፣ ፖታሲየም ይቀንሳል፣ ካልሲየምም ቀስ እያለ ይከማቻል። የሜዱላ ምላሹስ? ሆርሞኑ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። "መርዝ ነው፣ ስለዚህ ይቀንሳል" ያለ እዚህ ይወድቃል።

ሳያናይድና ዘመዶቹ

ስህተቱ ያለበት መስመር ይሄ ነው። "ሳያናይድ ሲገባ ይቀንሳል" የሚለው ግማሽ እውነት ነው።

ሴሉ ኤቲፒ የሚያገኘው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ግሉኮስን ያለ ኦክስጅን መስበር፣ ግላይኮሊሲስ። ሌላው በኦክስጅን የሚሰራው ማይቶኮንድሪያ። እያንዳንዱ መርዝ የቱን እንደሚዘጋ እወቁ። ሳያናይድ ኦክስጅን የሚበላውን የመጨረሻውን ኤንዛይም፣ ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝን ይይዛል። ሮቴኖን ከላይ መጀመሪያው ላይ፣ አንቲማይሲን መሃል ላይ ይዘጋሉ። ኦሊጎማይሲን ኤቲፒ የሚሰራውን ራሱን። ዲኒትሮፊኖልና ኤፍሲሲፒ ደግሞ አይዘጉም፤ ፕሮቶኑ በሌላ በኩል እንዲያመልጥ አድርገው ጉልበቱን በከንቱ ያስቀሩታል። በግላይኮሊሲስ በኩል አዮዶአሴቴት አለ፣ ቱዲኦክሲግሉኮስ አለ።

ግሉኮስ ባለበት ሳያናይድ ብቻውን ቢሰጥ፣ ወይም በኦክስጅን ፈንታ ናይትሮጅን ቢነፋ፣ የሜዱላ ምላሽ ብዙም አይጎዳም። ግላይኮሊሲስ ይሸፍናልና። ኦክስጅን እያለ ግሉኮስ ብቻውን ቢወጣም ያው ነው፣ ሴሉ ያለውን እያቃጠለ ይቆያል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሚወድቀው። ሩቢን በ1969 ባወጣው ስራ የድመቷ ዕጢ ላይ ያየው ይህንን ነው። ስለዚህ የሳያናይድ ጥያቄ ሲመጣ ወዲያው ሶሉሽኑ ውስጥ ግሉኮስ አለ ወይ ብላችሁ ፈልጉ። ካልተጻፈ "ግሉኮስ ካለ እንዲህ፣ ከሌለ እንዲያ" ብላችሁ መልሱ። ይሄን የጻፈ ተማሪ ወረቀት ላይ ፈታኝ ፈገግ ይላል።

ኤቲፒው የሚያስፈልገው ለምኑ ነው? ለመጨረሻው ውህደት ሳይሆን ይልቁንም ለዝግጅቱ። ከረጢቶቹ ሽፋኑ ጋር ደርሰው፣ ታስረው፣ ካልሲየም ሲመጣ ወዲያው ለመክፈት ዝግጁ መሆን አለባቸው። ይህ ኤቲፒ ይበላል። አንዴ ከተዘጋጁ በኋላ ግን ያሉት ጥቂቶች ያለ ኤቲፒም መውጣት ይችላሉ። ስለዚህ መርዙን ሰጥታችሁ ወዲያው ብትቀሰቅሱት የመጀመሪያው ምላሽ ደህና ይመስላል፣ የሚቀጥሉት ይወርዳሉ። የመጀመሪያውን ብቻ ለክቶ "መርዙ አይሰራም" ማለት ግራፉን በግማሽ ማንበብ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ኤቲፒ ሲያልቅ ፓምፑ ይቆማል፣ ሴሉ ቀስ በቀስ ዲፖላራይዝ ይሆናል፣ ካልሲየም ይገባል። ኤፍሲሲፒ ደግሞ ማይቶኮንድሪያ የያዘውን ካልሲየም ያስለቅቃል፣ አዲስ የሚገባውንም ማይቶኮንድሪያው እንዳይሰበስበው ያደርጋል። ውጤቱ፦ ሳትቀሰቅሱት የሚወጣው ሆርሞን ይጨምራል፣ ቀስቅሳችሁት የሚወጣው ግን በኋላ ይቀንሳል። ሁለቱን ደምሮ አንድ ቁጥር የሚሰጥ ሰንጠረዥ አትመኑ። ግራፉ ላይ ከመቀስቀሱ በፊት ያለውን መስመርና ከመቀስቀሱ በኋላ ያለውን ከፍታ ለየብቻ አንብቡ።

ሴሉ ሞቶ ቢሆንስ? የሞተ ሴልም አድሬናሊን ያፈሳል። ለማጣራት ኤልዲኤች የሚባለውን የሴል ውስጥ ኤንዛይም ተመልከቱ። ከረጢቱ በስርዓት ተከፍቶ ከሆነ አድሬናሊኑ፣ የከረጢቱ ኤቲፒና ክሮሞግራኒን የሚባለው ፕሮቲን አብረው ይወጣሉ፣ ኤልዲኤች ግን ሴሉ ውስጥ ይቀራል። ኤልዲኤች አብሮ ከወጣ ሴሉ ተቀዷል።

ለጥንቃቄ፦ ሳያናይድ ጨው አሲድ ሲነካው የሚገድል ጋዝ ይወጣል። ያለ ሁድ (ጋዝ መሳቢያ)፣ ያለ ማርከሻ፣ ያለ ኃላፊ ሰው እንዳትነኩት። ሀሳቡን ለመረዳት በኦክስጅን ፈንታ ናይትሮጅን የተነፋበት ሙከራ ይበቃል። ዓለም ላይ አብዛኛው የክሮማፊን ሴል ጥናት የሚሰራው ከቄራ በሚመጣ የከብት አድሬናል ነው፤ እኛም ቄራ አናጣም። ፈቃድና ላብ ያለው ሰው ዕጢውን ከታረደ ብዙ ሳይቆይ በበረዶ ይዞ መምጣት ይኖርበታል። ብቻ በሁዳዴ አታስቡት።

መርዙ የቱ ላይ እንደመታ ለማወቅ

የማታውቁት መድሃኒት ምላሹን አጠፋው እንበል። በአሴቲልኮሊን፣ በፖታሲየም፣ በባሪየም ተራ በተራ ሞክሩት። አሴቲልኮሊኑን ብቻ ካጠፋ ተቀባዩን ነው የያዘው፤ ሄክሳሜቶኒየም እንዲህ ነው። አሴቲልኮሊኑንም ፖታሲየሙንም ካጠፋ ወይ ካልሲየም መግቢያው ነው ወይ ከዚያ በኋላ ያለው። ከዚያ በኋላ ያለውን ለመለየት ሽፋኑ የተበሳ ሴል ያስፈልጋል። ቤከርና ናይት በ1982 አካባቢ የከብት ክሮማፊን ሴልን በኤሌክትሪክ በስተው ካልሲየሙን ራሳቸው ወደ ውስጥ ሰጡት፤ ወደ 1 ማይክሮሞላር ሲደርስ ሆርሞኑ ይወጣል፣ ማግኒዚየምና ኤቲፒ ግን አብረው መኖር አለባቸው። ሴሉ ተበስቶ፣ ካልሲየምና ኤቲፒ ተሰጥቶትም እምቢ ካለ፣ መርዙ ያረፈው ከረጢት የሚያዋህዱት ፕሮቲኖች ላይ ነው።

ኮርቴክስ፦ ህጉ ይቀየራል

እዚህ ከረጢት የለም። ጥያቄዎቹ፦ ትዕዛዝ ደረሰ? ኮሌስትሮሉ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ገባ? ኤንዛይሞቹ ይሰራሉ?

ኮሌስትሮልን ወደ ማይቶኮንድሪያ የሚያስገባው ስታር የሚባል ፕሮቲን ነው። ከፒቱታሪ ዕጢ የሚላከው ትዕዛዝ፣ ኤሲቲኤች፣ ሲመጣ አዲስ ፕሮቲን መሰራት አለበት። ለዚህ ነው ፕሮቲን መስራትን የሚከለክሉት ፒዩሮማይሲንና ሳይክሎሄክሳማይድ የኮርቴክስን ምላሽ በፍጥነት የሚያጠፉት። ሜዱላ ላይ ከረጢቱ አስቀድሞ ስለተሞላ ለአጭር ሙከራ ያን ያህል አይነኩትም። ሁለቱን ክፍሎች ለመለየት ከዚህ የተሻለ የፈተና ጥያቄ የለም።

ማይቶኮንድሪያም እዚህ ስራው ኤቲፒ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውና የመጨረሻዎቹ የስቴሮይድ ኤንዛይሞች ያሉት እዚያው ውስጥ ነው፣ ኦክስጅንም ይፈልጋሉ። ስለዚህ ግላይኮሊሲስ ቢሸፍንም ኦክስጅን ያጣ ኮርቴክስ እንደ ሜዱላ አይተርፍም። የስታር ስራም የማይቶኮንድሪያው ቮልቴጅ ይፈልጋል፣ እናም ኤፍሲሲፒን የመሰለ ነገር ምርቱን ይቆርጠዋል።

ከሐኪም ቤት መድሃኒቶች ሁለቱን ያዙ። ሜቲራፖን የመጨረሻውን የኮርቲሶል ደረጃ ይዘጋል፤ ኮርቲሶል ይወርዳል፣ ከእሱ በፊት ያለው 11 ዲኦክሲኮርቲሶል ይከማቻል፣ ኤሲቲኤች ይወጣል። ኢቶሚዴት የሚባለው የማደንዘዣ መድሃኒትም ያንኑ ኤንዛይም ይይዛል። በ1983 በጽኑ ህሙማን ክፍል በተከታታይ የሚሰጣቸው ታማሚዎች ሞት መጨመሩ ከተዘገበ በኋላ ነው ለረጅም ጊዜ ማንጠባጠቡ የቀረው።

አዮን ላይ ስንመጣ የኮርቴክስ ጉዳይ አልዶስትሮን ነው። የሚሰራው የላይኛው ሽፋን፣ ግሎሜሩሎሳ፣ ፖታሲየምን በቀጥታ ያያል። መደበኛው የደም ፖታሲየም ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል በሊትር ነው፤ ከ1 ያነሰ ጭማሪ እንኳን አልዶስትሮንን ያስነሳል። መንገዱ ሜዱላን ይመስላል፦ ዲፖላራይዜሽን፣ የካልሲየም ቻናል፣ ካልሲየም። መጨረሻው ግን ከረጢት ሳይሆን ምርት ነው። በ2011 ኬሲኤንጄ5 የሚባለው የፖታሲየም ቻናል ጂን ሲበላሽ ሶዲየም ማሳለፍ እንደሚጀምርና ዕጢው ሳይታዘዝ አልዶስትሮን እንደሚሰራ የታወቀውም በዚሁ መንገድ ነው። ሶዲየም ግን በቀጥታ አያዝም። ሲያንስ ኩላሊት ሬኒን ይለቃል፣ አንጂዮቴንሲን ሁለት ይሰራል፣ እሱ ነው ግሎሜሩሎሳን የሚያዘው። ፈተና ላይ "በቀጥታ" የምትለዋን ቃል ተጠንቀቁ።

የደም ቱቦውም ሙከራ ነው

አሁን ውጤት ለያዛችሁ። ከላይ ያለው ሁሉ እዚያች ትንሽ ቱቦ ውስጥ ይደገማል። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከፕላዝማው ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ደም ሲቀዳ ክንድ ታስሮ ጡጫ ደጋግሞ ከተጨበጠ፣ ወይም ሴሉ ከተሰበረ፣ ፖታሲየሙ በሐሰት ይጨምራል። ሴሉ ከፕላዝማው ሳይለይ ፍሪጅ ከገባም እንደዚያው፤ ብርዱ ፓምፑን ያስቆመዋል፣ ልክ እንደ ዋቤይን። ናሙናው ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላ ላብ በሞተር ተጭኖ ሜክሲኮ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ከቆየ መቼ እንደተለየ ጠይቁ።

ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ኢዲቲኤ ነው። ከእሱ ጥቂት ወደ ሌላው ቱቦ ከተገለበጠ ፖታሲየም በጣም ከፍ፣ ካልሲየም በጣም ዝቅ ብሎ ይመጣል። ሁለቱ እንዲህ አንድ ላይ ከመጡና ሰውዬው በእግሩ ቆሞ የሚያወራ ከሆነ፣ ከመደንገጣችሁ በፊት ደሙ እንደገና ይቀዳ።

አልዶስትሮንና ሬኒን የታዘዘላችሁ ሰዎች፦ ጠዋት ከተነሳችሁ ቢያንስ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ለጥቂት ደቂቃ ተቀምጣችሁ ተቀዱ። የሬኒኑ ናሙና በረዶ ላይ አይቀመጥም፤ ብርዱ ያልሰራውን ሬኒን ያነቃዋል። የምትወስዱትን የደም ግፊት መድሃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ፣ በተለይ ስፓይሮኖላክቶን ካለ፣ ግን በራሳችሁ አታቁሙ። ጨው ቀንሱ ተብላችሁ እየቀነሳችሁ ከሆነም ንገሩ፣ የሬኒኑን መንገድ ይቀይረዋልና።

ከሁሉም በፊት ፖታሲየማችሁ ስንት እንደነበረ እዩ። ዝቅ ያለ ፖታሲየም አልዶስትሮንን ይጫነዋል፤ አልዶስትሮን ከመጠን በላይ የሚያመነጭ በሽታ ያለበት ሰው ውጤቱ ደህና መስሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፖታሲየሙ ይስተካከላል፣ ከዚያ ይለካል። ፖታሲየም 2.9 ሆኖ አልዶስትሮን ላይ "ኖርማል" የሚል የተጻፈበት ወረቀት ከያዛችሁ፣ በዚያ ፖታሲየም ላይ አልዶስትሮን መውረድ ነበረበትና፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ።